ስለ «28 ዊክስ ሌተር» ጉድለቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «28 ዴይስ ሌተር» ሰውን በቁጣ የሚያሳብድ ቫይረስ ብሪታንያን ባዶ ሲያስቀራት ያሳየ ፊልም ነበር። በ2007 የተከተለው «28 ዊክስ ሌተር» በአሜሪካ የሚመራው የኔቶ ጦር ስደተኞችን ወደ ለንደን መልሶ ሲያሰፍር ይጀምራል። ተከታዩ ፊልም ጉድለት እንዳለበት ብዙዎች ይስማማሉ፤ ጣታቸውን የሚቀስሩት ግን ብዙውን ጊዜ ወደተሳሳተ ቦታ ነው። ጉዳዩን ለማስረዳት የታሪኩን ፍጻሜ ጭምር መግለጥ ግድ ይሆንብኛል።

«ፊልሙ የተበላሸው የመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተር ዳኒ ቦይል ስላላዘጋጀው ነው።» የዚህኛው ዳይሬክተር ሁዋን ካርሎስ ፍሬስናዲዮ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ቦይልም ሆነ የመጀመሪያው ፊልም ጸሐፊ አሌክስ ጋርላንድ በኤግዘኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ሥራው ውስጥ ነበሩ። ከዚህም በላይ የፍሬስናዲዮ ዝግጅት ደካማ አይደለም። ዶን ሚስቱን አሊስን ለአደጋ ጥሎ ሜዳውን እያቋረጠ ሲሸሽ፣ ዞር ሲልም እርሷን በመስኮቱ ሲያያት የሚታይበት መክፈቻ ከመጀመሪያው ፊልም ምርጥ ትዕይንቶች አያንስም። ድክመቱ ያለው ስክሪፕቱ ላይ ነው።

«የዞምቢ ፊልም ስለሆነ ምክንያታዊነት አይጠየቅበትም።» ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ አስተያየት ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ፊልም ታላቅነት የራሱን ሕግ አውጥቶ በማክበሩ ላይ የቆመ ነበር። በቫይረሱ የተያዙት ከሞት የተነሡ ሳይሆኑ በሕይወት ያሉ፣ በደም ወይም በምራቅ ንክኪ በሰከንዶች ውስጥ የሚለወጡ፣ ከቁጣ በቀር ሐሳብ የሌላቸው፣ በመጨረሻም በረሃብ የሚያልቁ ሰዎች ናቸው። ተከታዩም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ አገሪቱ ነጻ ሆነች የተባለው በሽተኞቹ በረሃብ ስላለቁ ነው። ዶን ራሱ ከተለወጠ በኋላ ግን ሕጉ ለእርሱ ብቻ ይሻርለታል፦ ፊቱ ያገኘውን ከማጥቃት ይልቅ አድብቶ ይመለከታል፣ ከተማው በእሳት ሲጋይ ይተርፋል፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ ልጆቹን እስከ ምድር ውስጥ ባቡር ድረስ ተከታትሎ ያገኛቸዋል፤ ሐኪሟን ስካርሌትንም በገዛ ጠመንጃዋ ቀጥቅጦ ይገድላታል። ጸሐፊዎቹ ታሪኩን የሚገፋላቸው ክፉ ሰው ስላስፈለጋቸው፣ አስፈሪ የነበረውን በሽታ ወደ አንድ አሳዳጅ አባት አሳነሱት።

«የጦሩ ጥፋት ሆን ተብሎ በኢራቅ ወረራ ላይ የተሰነዘረ ትችት ነው።» ይህ ከፊል እውነት አለው፤ በለንደኑ አይል ኦፍ ዶግስ የታጠረው ሰፈር የአሜሪካ ጦር በባግዳድ አጥሮት የነበረውን አረንጓዴ ቀጠና ያስታውሳል። ትችት የሚጠነክረው ግን ብርቱ የሆነ ኃይል ሲሳሳት ነው። ኋላ በሕይወት የተገኘችው አሊስ ሕመሙ ሳይታይባት ቫይረሱን የተሸከመች ብቸኛዋ የምትታወቅ ሰው ሆና ሳለ ክፍሏ ዘብ አልቆመበትም፤ የሕንፃው ተቆጣጣሪ የሆነው ባሏ በመግቢያ ካርዱ ከፍቶ ይገባና አልጋ ላይ እንደታሰረች ይቅርታ ጠይቆ ይስማታል፤ በምራቋም ይያዛል። መሳሙ ራሱ ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ሚስቱን ጥሎ የሸሸው ሰው በጸጸቱ ሰዓት ከተማ ያጠፋልና። ያን ትዕይንት የሚያጎድለው ያልተጠበቀው በር ነው።

«የፓሪሱ መጨረሻ ለሦስተኛው ፊልም መንገድ ጠርጓል።» ፊልሙ የሚያልቀው ቫይረሱ ፓሪስ መድረሱን በማሳየት ነው። መንገድ ግን አልጠረገም፤ ቦይልና ጋርላንድ በ2025 «28 ይርስ ሌተር»ን ሲያወጡ ቫይረሱ ከአውሮፓ ምድር ተገፍቶ መውጣቱን ገና ከመነሻው በአጭር ጽሑፍ ገልጸው ታሪካቸውን ወደ ብሪታንያ መልሰዋል።