የፍሪሲዮን ፔዳል ፍሪ ፕሌይ ምንድን ነው?

«ሸራው ሲበላ ፔዳሉ ይላላል፤ መፍትሔው ገመዱን ማጥበቅ ነው።» ይህ ምክር ሲደጋገም ይሰማል፤ በገመድ የሚሠራና በእጅ የሚስተካከል ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል) ላለው አሮጌ መኪና ግን ፍጹም የተገለበጠ ነው። ሸራ፣ ማለትም በፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚፋተገው ልባስ፣ ሲበላ ፔዳል አይላላም። እንዲያውም የነበረው ልልነት ቀስ በቀስ ያልቃል። በዚያ ሰዓት ገመዱን ያጠበቀ ሰው የቀረችውን ሸራ በገዛ እጁ ያቃጥላል።

ፍሪ ፕሌይ ማለት ፔዳሉ ከእረፍት ቦታው ተነስቶ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው (ፔዳሉ ሲረገጥ ወደፊት የሚገፋው ቤሪንግ) የዲያፍራሙን (ሸራውን የሚያስጨንቀውን ክብ ሞላ) የመሀል ጫፎች እስኪነካ ድረስ ያለ ጭነት የሚሄደው መንገድ ነው። የሚለካው በእጅ ነው። እግር ከባድ ስለሆነ ኩሽኔታው መንካት የጀመረባትን ቅጽበት አይለይም። ማስመሪያ ከፔዳሉ ጎን ያቁሙና በጣት ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ድንገት የሚከብድበት ቦታ ላይ ልኬቱ ያበቃል። በአሮጌው ቮልስዋገን ቢትል ትክክለኛው መጠን ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው። ሌሎች መኪኖች የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ከመመሪያ መጽሐፋቸው ይወሰድ። በፔዳሉ ላይ 20 ሚሊሜትር የሆነው እንቅስቃሴ ኩሽኔታው ጋ ሲደርስ 2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሆን «ትንሽ ብትጠብቅ ምን አለበት» ማለት አይሠራም።

ሸራ ሲሳሳ ለምን ይጠብቃል? ዲያፍራሙን እንደ ሚዛን ዘንግ ማየት ይቻላል። በአንደኛው ወገን ሸራውን ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ የሚጫነው ፕሌት አለ፤ በሌላኛው ወገን ኩሽኔታው ፊት ያሉት የመሀል ጫፎች። ሸራው በሳሳ መጠን ፕሌቱ ወደ ቮላኖ ይጠጋል፤ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው እንደሚነሳ ሁሉ፣ የመሀል ጫፎቹ ወደ ካምቢዮ አቅጣጫ ተነስተው ኩሽኔታው ጋ ይደርሳሉ። ፍሪ ፕሌይ የሌለው ፍሪሲዮን ከዕቃው ማዶ ባለው ሳህን ላይ ጣቱን ያሳረፈ ነጋዴ ሚዛን ነው፤ ዕቃው ያው ሆኖ ሳለ ሚዛኑ አሳንሶ ያነባል። የሞላው ጉልበት ሳይደክም ሸራውን የሚይዘው ኃይል የሚቀንሰው እንደዚሁ ነው። ነጋዴው ጣቱን ማንቀሳቀስ እንኳ አላስፈለገውም፤ ሳህኑ ራሱ ተነስቶ ጣቱን አገኘው። ገመዱን ማጥበቅ ደግሞ በዚያ ጣት ላይ ተጨማሪ መጫን ነው።

«ገመድ ግን ይለጠጣል እኮ» የሚል መልስ ይመጣል። አዲስ ገመድ ቦታውን እስኪይዝ ትንሽ ይለጠጣል፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን እየረዘመ የሚሄድ ገመድ እየተበጠሰ ነው። ስለዚህ የለውጡ አቅጣጫ ራሱ ምርመራ ነው። ፍሪ ፕሌይ ቀስ እያለ ከቀነሰ ሸራ እየተበላ ነው። በቀናት ውስጥ ከጨመረ ግን ከሸራው ጋር አይገናኝም፤ ወይ የገመዱ ክሮች ፔዳሉ ጋ አንድ በአንድ እየተቆረጡ ነው፣ ወይ የገመዱ ሽፋን የሚደገፍበት ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ ወይ ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ መደገፊያው ተበልቷል። ግድግዳውን ለማወቅ አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፤ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ገመዱ የሚያልፍበትን ቦታ ይመልከት። ላሜራው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ማስተካከያው አያድንዎትም፤ ብየዳ ያስፈልገዋል።

ፍሪ ፕሌይ ሲያልቅ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ግን አይከተልም። ሲበዛ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ይህንን በኋላ ማርሽ ይፈትኑ፤ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጡ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያስገቡ። ሳይጠብቁ አስገብተው ቢንኳኳ ፍርድ አይሆንም፤ በብዙ አሮጌ ካምቢዮዎች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሾቹ ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያመሳስል ክፍል) ስለሌለው ዘንጉ መዞሩን እስኪያቆም ጊዜ ይፈልጋል። ጠብቀውም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም።

ማስተካከሉ ራሱ አጭር ሥራ ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው በታኮ ተደግፎ። ከሥር መግባት ካለብዎት በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አይግቡ። ማስተካከያው አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ጎን፣ ሹካው ጫፍ ላይ ነው። ጥርሱን በብሩሽ ያጽዱ፤ የሚንቀሳቀሰውን ዳዶ ከማዞርዎ በፊት መቆለፊያ ዳዶውን ይፍቱ። የገመዱን ጫፍ በሌላ ቁልፍ ወይም በፒንሳ ይያዙ፤ ከዳዶው ጋር አብሮ ከዞረ ክሮቹ ይጠማዘዙና ዕድሜው ያጥራል። ፍሪ ፕሌይ ለመጨመር ዳዶውን ያላሉ፤ ለመቀነስ ያጥብቁ። በየግማሽ ዙሩ ይለኩ። ከጨረሱ በኋላ ይቆልፉ፣ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ እንደገና ይለኩ፤ ሽፋኑ ቦታውን ሲይዝ ልኬቱ ብዙ ጊዜ ይቀየራል። ልኬቱ ትክክል ሆኖም ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ ዘይት ነክቶታል።

ቢትል ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ገመዱ ካምቢዮው አጠገብ የሚያልፍበት ተጣጣፊ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ወደ ታች መጉበጥ አለበት። ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ፍሪ ፕሌዩን ምንም ያህል ቢያስተካክሉ አይተውም።

ይህ ሁሉ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ገመድ ላላቸው መኪኖች አይሠራም። በእነዚያ ኩሽኔታው በቀላል ጭነት ሁልጊዜ እንዲነካ ሆኖ ተሠርቷል፤ ፍሪ ፕሌይ ለመፍጠር መሞከር ዘዴውን ማበላሸት ነው። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሪሲዮንም ሌላ ጉዳይ ነው። ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ ገመድ ላይ ግራሶ አይጨምሩ፤ አቧራ ይይዝና ያከብደዋል።

አዲስ ገመድ ቶሎ ቶሎ እየከበደ ወይም ሽፋኑ እየቀለጠ ከሄደ፣ ለጭስ ማውጫው መቅረቡን ካረጋገጡ በኋላ የሞተሩን የማሳ ገመድ (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን) ይመርምሩ። ማሳው ከላላ ወይም ከዛገ የሞተር ማስነሻው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣና በፍሪሲዮን ገመዱ ይሄዳል፤ ቁልፉን ባዞሩ ቁጥር ገመዱ ከውስጥ ይጋላል። እንዲህ ሲሆን ማሳው ካልተጠገነ የሚቀጥለውም ገመድ በዚያው ይቃጠላል።