ሰላጣ ሳይጠወልግ እንዲቆይ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ቆስጣ ቢጠወልግ ድስት ይሸፍንለታል። ሰላጣ ግን ጥሬውን ስለሚቀርብ ገመናው በሳህን ላይ ይታያል። በተለይ በጾም ወራት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር በየቤቱ ሲቀርብ፣ ከገበያ የመጣውን እስር ለቀናት ማቆየት የጓዳ ሙያ ነው።

ቅጠሉ ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፤ ውሃውንም ለአየር ይሰጣል። የሚተካለት ሥር ግን የለም። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይህ ሁሉ ይፈጥናል።

ሰሜን ሸዋ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበርን አልፈው በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ፣ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳሉ፤ እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። የአንዱ ከተማ ዘዴ ለሌላው አይሆንም።

ደብረ ብርሃን ጓዳው ራሱ ፍሪጅ ነው። ሰላጣውን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ከማያገኘው ጥግ ማስቀመጥ ለሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ጠላቱ ውርጭ ነው። አንድ የታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ አሳድሬው ነበር። ጠዋት ቅጠሉ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲነኩት ይሰበራል። ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ አለ። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ቅጠሉን ከውስጥ ስለሚያፈርሰው መመለሻ የለውም። ፍሪጅ ውስጥም ከኋላው ግድግዳ የተጠጋ ሰላጣ እንዲሁ ነው የሚሆነው። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከዜሮ በታች ግን ያልቅለታል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ፣ በጠዋት ገዝቶ ግንዱን እንደ አበባ ጥቂት ውሃ ውስጥ ማቆም ይሻላል። ውጪው በውሃ የራሰ ሸክላ ውስጥ ማስቀመጥም ያግዛል፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው ታዲያ። ክረምት ላይ ብዙም አይረባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጠባው ላይ ነው። ታጥቦ ሳይንጠፈጠፍ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ሰላጣ ቶሎ ያሟልጫል። ውሃው ቅጠሉ ውስጥ እንጂ ቅጠሉ ላይ መሆን የለበትም። ስለዚህ ሳይታጠብ ማስቀመጥ፣ ሊበላ ሲል በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ቀድሞ መታጠቡ ግድ ከሆነ ወንፊት ላይ በደንብ አንጠፍጥፎ፣ ከደረቅ ጨርቅ ጋር መጠቅለል። ከሙዝና ከበሰለ ቲማቲም አጠገብ ግን አይቀመጥ፤ ከእነሱ የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል።

የጠወለገው ሩብ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነከር ብዙ ጊዜ ቀጥ ይላል። ያሟለጨውና የሸተተው ይጣል። የተቀዳደደውን የውጪ ቅጠል ደግሞ ጓሮ ያለችው በግ ትጠብቀዋለች።