በእንግሊዝ ፍሪሜሶኖች ዘንድ ወደ ተጨማሪ ማኅበራት መግባት

በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ሰው ፍሪሜሶን ሆኖ ሦስቱን መሠረታዊ ማዕረጎች፣ ማለትም የተለማማጅነትን፣ የባለሙያነትንና የማስተር ሜሶንነትን ሥርዓት ከፈጸመ በኋላ ከእነዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አይቀረውም። ይህ ከሎጅ፣ ማለትም ፍሪሜሶኖች ከሚሰበሰቡበት ማኅበር፣ ውጭ ላለ ሰው ግር የሚያሰኝ ነገር ነው፤ በእኛም ዘንድ የፍሪሜሶን ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው «33ኛ ደረጃ» ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ማዕረጉን እንደ መሰላል አድርጎ ያስበዋል። እውነቱ ግን ከሦስተኛው ማዕረግ በኋላ ያሉት ማኅበራት ወደ ጎን የተቀጠሉ ክፍሎች መሆናቸው ነው። ማኅበራቱ በየራሳቸው አልባሳት፣ ሥርዓትና የመግቢያ መስፈርት የሚለዩ ሲሆን፣ ወደ አንዳቸውም ያልገባ ማስተር ሜሶን ዕድሜውን ሙሉ ምንም ያልጎደለው አባል ሆኖ ይኖራል።

ከሁሉም ቅርብ የሆነው ሮያል አርች ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ተፎካካሪ ታላላቅ ሎጆች፣ ማለትም ሌሎች ሎጆችን የሚያስተዳድሩ የበላይ አካላት፣ ነበሩ። በ1751 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ራሱን «ጥንታውያን» ብሎ ሲጠራ፣ ከ1717 ጀምሮ ታሪኩን የሚቆጥረውን ቀዳሚውን ሎጅ ደግሞ «ዘመናውያን» አለው። ጥንታውያኑ ሮያል አርችን እጅግ ያከብሩት ስለነበር፣ ሁለቱ ወገኖች በታኅሣሥ 1813 ሲዋሐዱ ጉዳዩ በዝምታ የሚታለፍ አልሆነም። በውሉ ላይ የሰፈረው ቃል፣ ንጹሑ ጥንታዊ ሜሶንነት ሦስት ማዕረጎች ብቻ እንዳሉት ከገለጸ በኋላ፣ የሮያል አርች ማኅበርም በእነዚሁ ውስጥ እንደሚካተት ይናገራል። ሦስት ብቻ ተብሎ ሌላ መጨመሩ ላነበበው ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ወገን ያስታረቀ ቃል ነበርና ጸንቶ ቆየ። የሮያል አርች አባላት የሚሰበሰቡበት ክፍል ቻፕተር ይባላል፤ ማኅበሩን የሚመራው የበላይ ቻፕተር በ1817 ተቋቋመ።

የሮያል አርች ሥርዓት የተመሠረተው ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት አይሁድ ቤተ መቅደሱን መልሰው በሠሩበት ዘመን ላይ ነው። እያንዳንዱን ቻፕተር የሚመሩት ሦስቱ ሹማምንት በዘሩባቤል፣ በነቢዩ ሐጌና በሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ስም ይጠራሉ፤ መጽሐፈ ዕዝራን ላነበበ የአማርኛ አንባቢ ስሞቹ እንግዳ አይደሉም። በሎጅ ውስጥ አባላት «ወንድም» ሲባባሉ፣ በቻፕተር ውስጥ «ባልንጀራ» ይባባላሉ።

አገባቡ ከሎጁ አገባብ ጋር ይመሳሰላል። አመልካቹ ማስተር ሜሶን ከሆነ ቢያንስ አራት ሳምንት ሊያልፈው ይገባል፤ ከቻፕተሩ አባላት አንዱ ያቀርበዋል፣ ሌላው ይደግፈዋል፣ ከዚያም አባላቱ በምሥጢር ድምፅ ይሰጡበታል። በየሎጁ ስለ ሮያል አርች የሚያስረዳ ተወካይ ስላለ፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀመረው ከስብሰባ በኋላ በማዕድ ላይ በሚነሣ ጨዋታ ነው። አራት ሳምንት መስፈርቱ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጊዜ እንጂ የሚመከር ልክ አይደለም። ሦስተኛው ማዕረግ ገና በውስጡ ሳይሰርግ ወደ ቻፕተር የተቻኮለ ሰው ሁለቱንም በጥድፊያ ያልፋቸዋል፤ አንድ ዓመት ያህል የቆየ ግን የሰማውን ከቀደመው ጋር እያገናዘበ ይሰማል።

ማርክ ሜሶን የሚባለው ማኅበር ታሪኩ ከዚህ ይለያል። በእንግሊዝ የሚታወቀው ጥንታዊ መዝገቡ በፖርትስመዝ ከተማ በመስከረም 1769 የተጻፈ ሲሆን፣ የ1813ቱ ውል ግን አላነሣውም። በ1856 ከ1813ቱ ውሕደት የተገኘው የተባበረው ታላቅ ሎጅ መጀመሪያ ሊቀበለው ወስኖ፣ ከሦስት ወር በኋላ ውሳኔውን ሳያጸድቀው ቀረ፤ በዚህም ምክንያት ማርክ በዚያው ዓመት የራሱን ታላቅ ሎጅ በሎርድ ሊ መሪነት አቋቋመ። በስኮትላንድ የማርክ ማዕረግ በተራው ሎጅ ውስጥ ሊሰጥ ሲችል፣ በእንግሊዝ ለብቻው የሚገቡበት ማኅበር የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንደ እኔ ግምት ከሁሉም ማኅበራት ለእጅ ሥራ የቀረበው ማርክ ነው። የጥንት ድንጋይ ጠራቢዎች በጠረቡት ድንጋይ ላይ የራሳቸውን ምልክት ይቀርጹ ነበር፤ በእንግሊዝ አሮጌ ካቴድራሎች ግድግዳ ላይ ዛሬም ይታያል። ወደ ማርክ የሚገባው ሰውም በጥቂት ቀጥታ መስመሮች የተሠራ የራሱን ምልክት ይመርጥና በሎጁ መዝገብ ከስሙ ጋር ያስመዘግባል። ለሠራተኛ የሚከፈለውን ዋጋ የምታስታውስ ማርክ ፔኒ የምትባል ትንሽ ሳንቲምም አለችው። የማኅበሩ ዋና ምልክት የቅስት መዝጊያ ድንጋይ ነው፤ ከሥርዓቱም ጀርባ «ግንበኞች የናቁት ድንጋይ እርሱ የማዕዘን ራስ ሆነ» የሚለው የመዝሙር ቃል አለ።

አንዳንዶቹ በሮች የሚከፈቱት በሌሎች በኩል ነው። ሮያል አርክ ማሪነር የሚባለውና በኖኅ መርከብ ታሪክ ላይ የቆመው ማዕረግ የሚሰጠው ለማርክ አባል ብቻ ነው። ወደ ናይትስ ቴምፕላር ለመግባት የሮያል አርች አባል መሆን ብቻ አይበቃም፤ በሥላሴ የሚያምን ክርስቲያን መሆንም ግድ ነው። ሮዝ ክሯ የሚባለው ሌላ ማዕረግም ይህንኑ እምነት ይጠይቃል። ሎጁ ራሱ በአንድ ፈጣሪ የሚያምንን ሁሉ፣ ሙስሊምም ይሁን አይሁድ ወይም ሂንዱ፣ የሚቀበል በመሆኑ ይህ ልዩነት በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነው፤ አመልካቹ ገንዘቡን ከከፈለና ቀኑን ከቆረጠ በኋላ ሊሰማው አይገባም።

ያ የታወቀው 33ኛ ደረጃም የሚገኘው ሮዝ ክሯን በሚመራው ማኅበር ውስጥ ነው፤ የእንግሊዝ የበላይ ምክር ቤቱ በ1845 ተመሠረተ። በእንግሊዝ አባሉ የሚቀበለው ሙሉ ሥርዓት 18ኛው፣ ማለትም ሮዝ ክሯ ራሱ፣ ሲሆን፣ ከ4ኛ እስከ 17ኛ ያሉት በስም ብቻ ይሰጡታል፤ ወደ 30ኛው የሚያልፈው በተለምዶ ቻፕተሩን በሊቀ መንበርነት ያገለገለ ነው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለጥቂቶች ብቻ ይሰጣሉ። በአሜሪካ ግን እስከ 32ኛው ያለውን በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በአዳራሽ ተቀምጦ እንደ ተውኔት እየተመለከቱ መቀበል የተለመደ ነው። ስለዚህ «32ኛ» የሚለው ቁጥር በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ድካም አያመለክትም።

እያንዳንዱ ማኅበር ዓመታዊ መዋጮና የራሱ ልብስ አለው። የሎጁ ነጭና ሰማያዊ ሽርጥ ለሮያል አርች አይሆንም፤ እዚያ ቀይና ሐምራዊ ጠርዝ ያለው ሌላ ሽርጥ ያስፈልጋል። ከወጪው ይልቅ የሚከብደው ግን ጊዜው ነው፤ ሥርዓቱ በቃል የሚነገር በመሆኑ ሹመት የተቀበለ ሰው ምሽቱን ቁጭ ብሎ ማጥናት አለበት። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አባላት አዲሱን ሰው አንድ ማኅበር ገብቶ ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ሁለተኛውን እንዲያቆይ የሚመክሩት፤ የመጀመሪያ ሽርጡንም ብዙ ጊዜ ከቀደመ ባልንጀራ በውሰት ያገኛል።