ፒንስ ምንድን ነው?

ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ከሄደች ቆይቷል፣ ማታ ወጥታ ሲነጋ ነው የምትገባው፣ እናቷ ስትቆጣት በሩን በላይዋ ላይ ደርግማ ትዘጋለች። አልሰረቀችም፣ ማንንም አልደበደበችም። ትልቅ ሰው ብትሆን ኖሮ ጠያቂ የላትም። ኒውዮርክ ላይ ግን እናትየው ይህንኑ ይዛ ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለች። ይህ ጉዳይ ነው ፒንስ የሚባለው፣ ክትትል የሚያስፈልገው ልጅ እንደማለት። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ወንጀል አይደለም። ዳኛው ቢፈርድባትም ወንጀለኛ አትባልም።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1646 ማሳቹሴትስ፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ 16 ዓመት ሞልቶት ለአባት ለእናቱ አልታዘዝም ያለ ወንድ ልጅ በሞት እንዲቀጣ ደነገገች። ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 የተቀዳ ነው። በዚያ ሕግ ተገደለ የተባለ ልጅ በመዝገብ አልተገኘም፣ እንዲያም ሆኖ የሕጉ ርዝራዥ እስከ 1973 ድረስ ቆይቷል! በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያሉ ልጆችን የማያስር ስቴት ገንዘብ ያገኛል አለ። በ1980 ደግሞ የዳኛ ትእዛዝ የጣሰ ልጅ ሊታሰር ይችላል የሚል ቀዳዳ ተከፈተ፣ በዚያች ቀዳዳ ስንቱ ገባ። ኒውዮርክ ከ2020 ጀምሮ በፒንስ ጉዳይ ልጅ ማሰር አቁማለች።

ታዲያ ዛሬ ምን ይሆናል? ቅጽ ሞልቶ በማግስቱ ዳኛ ፊት መቆም የለም። መጀመሪያ ቤተሰቡ ወደ ምክርና ድጋፍ ይላካል፣ ይህ ሳይሞከር ማመልከቻው አይገባም። አብዛኛው ነገር እዚህ ቢያልቅ ነው የሚሻለው። ካላለቀ ለልጅቷ የራሷ ጠበቃ ይቆምላታል፣ የሚናገረውም ለእሷ እንጂ ለእናቷ አይደለም። ዳኛው ጉዳዩን ሊዘጋው፣ አስጠንቅቆ ሊለቃት፣ እስከ አንድ ዓመት በአመክሮ ክትትል ሥር ሊያደርጋት፣ ወይም ከቤት አውጥቶ ዘመድ ጋ ወይም መንግሥት እጅ ሊያስቀምጣት ይችላል።

ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ዳኛው ይቆጣልኝ» ብሎ የሄደ ሰው በመሐል «በቃ፣ ይቅር ብያታለሁ» ቢል ነገሩ በእሱ ቃል ብቻ አይዘጋም። በተጨማሪም ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠየቃል፦ ማን ይማታል፣ ማን ይጠጣል፣ ልጅቷ ለምን ነው ቤት መግባት የጠላችው? አንዳንዴ የልጅቷ «ዐመፅ» መልስ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ፒንስን ለማስፈራሪያ አትጥሩት፤ ልጅ ደግሞ ባዶ ዛቻን ቶሎ ያውቃል።

ለመሄድ ከወሰናችሁ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፣ ጠይቁ። ልጅቷን ራሷን አስተርጓሚ አታድርጓት።