«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም»፦ የመስከረም ተግሣጽ

በቅርቡ አንድ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ወንድሙን በመሬት ድርሻ የበደለው ሰው ሽማግሌዎቹ ነገሩን አጣርተው ሳይጨርሱ «እንግዲህ ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ብሎ ጉዳዩን ሊዘጋው ሞከረ። ከተቀመጡት ብዙዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ከተናጋሪው ይልቅ ያሳዘኑኝ እነዚያ የነቀነቁት ናቸው። አባባሉ የበዳይ መሸሸጊያ አይደለም፤ የሰነፍ መገሠጫ ነው።

ዛሬ ብዙ ሰው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ከሚለው ጋር አንድ ያደርገዋል። የፈሰሰውን ውሃ ግን አፈር ጠጥቶታል፤ ተስፋም ሥራም አይቀርለትም። ክረምት እንዲህ አይደለም። ያለፈው ቢያልፍም በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ሰኔ 26 ሲብት ተመልሶ ይመጣል። አባቶቻችን ላለፈ ነገር ምሳሌ ሲፈልጉ የሚመለሰውን ወቅት መምረጣቸው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

የልጅነት ቀዬዬ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። እዚያ የሣር ቤት የበጋውን ወራት ሁሉ ይወስድ ነበር። ሰንበሌጡ መስከረም ላይ ገና ለምለም ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲደርቅ ይታጨዳል፣ ታስሮም ይከመራል። እንጨቱ ተቆርጦ ይላጣል፤ ልጡ ደግሞ አይጣልም፣ ማገሩን ከግድግዳው የሚያስረው እርሱ ነው። ከዚያ ጭቃው ይመጣል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ይለወስና እንዲብላላ ይተዋል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ እኛ ልጆች ግን እስከ ጉልበታችን ገብተን ስንረግጠው ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ጭዱ ከአፈሩ ጋር ሳይዋሐድ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃልና አያቴ ጭቃውን በእጃቸው ቆንጥረው ሳያዩ ምርጊት አያስጀምሩም ነበር።

የክዳኑ ቀን ደቦ ይጠራል። ጠላው ተጠምቆ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ ይጠብቃል። ሣሩን የሚያቀብለው ከታች፣ የሚከድነው ከላይ ሆኖ ሥራው ከጣራው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። የላይኛው ሣር የታችኛውን እንዲደርበው ነው፤ ዝናቡ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ከቤቱ ውጪ ይወርዳል። በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል። ይህ ሁሉ ከሰኔ 12፣ ከሚካኤል በፊት ማለቅ ነበረበት።

ያልደረሰለት ሰው ክረምቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ማየት ልብ ይነካል። ጣራው ያፈሳል፤ ገበቴውም እንስራውም ከጠብታው ሥር ይደረደራል። መኝታ ከጥግ ጥግ ይዞራል። እህሉ ይሻግታል፤ የረጠበው ማገዶ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። ፀሐይ ስትወጣ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ያ ሰው ምሬቱ ትኩስ ነውና መጥረቢያውን አንሥቶ ዛሬውኑ ልሥራ ይላል።

አባባሉ የተወለደው እዚህ ላይ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። በመስከረም ደቦ ልጥራ ብሎ ሽማግሌ ዘንድ የሄደ ሰው ይታየኛል። መንደርተኛው ጤፉን በማረም ላይ ነው፤ እጁ ከአረም አይላቀቅም። ሣሩ እርጥብ ነው፤ በእርጥቡ ቢከደን ይበሰብሳል፣ ሲደርቅም ይሸበሸብና ለዝናብ በር ይከፍታል። ሽማግሌው ታዲያ ምን ይበሉት? «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፤ ሣሩ ይድረቅ፣ አዝመራው ይግባ፣ ለሚመጣው እንሠራልሃለን።» የኋለኛው ግማሽ በጊዜ ብዛት የተቆረጠ ይመስለኛል። በዚህ ግምቴ የሚያጸናኝ አያቴ አባባሉን ሲናገሩ ሁልጊዜ ሥራ ማዘዛቸው ነው። ተናግረው ዝም ያሉበትን ቀን አላስታውስም።

አሁን በከተማው ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ቃሉም ከጣራው ተነጥሎ ብቻውን ይዞራል። ገንዘብ ያጎደለ ሒሳብ ሲጠየቅ ይጠራዋል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚናገሩትም አሉ፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሞተ ሰው ክረምት አይደለምና ተመልሶ አይመጣም። በፈተና ለወደቀ ተማሪ ግን ያምራል፤ ፈተናው በዓመቱ ይመለሳል፣ የሚነበበው መጽሐፍም በእጁ ነው።

በዚያ ሽምግልናም ቃሉን የመናገር መብት ቢኖር ለተበዳዩ ወንድም ነበር። እርሱ ያለፈውን ምርት ትቶ ለመጪው እርሻ ድርሻዬ ይለካልኝ ቢል አባባሉ ቦታውን ባገኘ ነበር። ሽማግሌዎችም እንዲህ ያለውን ቃል ከበዳይ አፍ ሲሰሙ ራሳቸውን ከመነቅነቅ ይልቅ ገመዱን አውጥተው መሬቱን ቢለኩ ይሻላል።