«አዲስ ነው» ማለት ለፓተንት ለምን አይበቃም?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን ወዳጄ በቀደም «ማንም ያልሠራውን ሠርቼ ፓተንት እንዴት እከለከላለሁ?» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ሥጋ በኤሌክትሪክ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም የቀዶ ሕክምና ማሽን ክዳኑ ተነስቶ ተቀምጧል።

ማሽኑ ከግድግዳ የሚያገኘውን 50 ሄርትዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ወደ መቶ ሺዎች ያደርሰዋል፤ በዚያ ፍጥነት ነርቭና ጡንቻ አይነዘሩም፣ ሙቀቱ ግን ይቆርጣል። ነገሩ ቆየት ያለ ነው፤ አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቦቪና የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ኩሺንግ በ1926 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሕክምና ላይ አውለውታል።

ወዳጄ የሥጋውን የኤሌክትሪክ መቋቋም እየለካ ኃይሉን በራሱ የሚቀንስ ሰርኪት ጨመረበት እንበል። የፓተንት ማመልከቻውን የሚያየው መርማሪ ሁሉንም አሟልቶ የያዘ አንድ ቀድሞ የወጣ ሰነድ ካጣ፣ «አዲስ ነው» ይላል። ወዳጄ እዚህ ላይ ያጨበጭባል፤ ቸኩሏል። መርማሪው ቀጥሎ ሁለት ሰነዶች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ በአንዱ ማሽኑ አለ፣ በሌላው መቋቋም ለክቶ ኃይል የሚያስተካክል ሰርኪት። ሁለቱን ማገናኘት ለሙያው ሰው ያለ ብዙ ጭንቀት የሚመጣለት ከሆነ፣ ሥራው አዲስ ቢሆንም «የፈጠራ ብቃት» ይጎድለዋል። ታዲያ ለመርማሪው መልስ ሲጻፍ «ማንም አልሠራውም» እያሉ መደጋገም አያዋጣም። ሁለቱ እንዲሁ ቢገጣጠሙ ምን ይበላሽ እንደነበር፣ ለምሳሌ ልኬቱ በራሱ በማሽኑ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይዛባ እንደነበርና እንዴት እንደተፈታ ማሳየት ይሻላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የቀዶ ሕክምና ዘዴ ፓተንት አያገኝም፤ መሣሪያው ግን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የፓተንት ጥያቄው ሐኪሙ እንዴት እንደሚቆርጥ ትቶ ሰርኪቱ ምን እንደሚሠራ ይናገር።