ሐዋሳ፦ ከሐይቁ ወዲህ ያለችው ከተማ

ሐዋሳ ለእረፍት የሚመጣ ሰው ፕሮግራሙ የታወቀ ነው። ቅዳሜ ይገባል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ይቀመጣል፣ ዓሣ ይበላል፣ ጀልባ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ እሑድ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሐይቁ ይህን ያህል ቢወደድ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። ከተማዋን ሳያዩ መመለስ ግን ያስቆጫል።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከሻሸመኔ በኩል ስትመጡ መጀመሪያ የምታገኙት ጥቁር ውሃን ነው፤ የሐይቁ ዋና መጋቢ ወንዝ። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከትንንሾቹ ይመደባል። ውሃ ወደ ውስጡ ይገባል እንጂ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ውሃው ወደ ከተማው ይገፋል። ዳር ዳሩን ይዞ የተሠራው ግድብ ለዚህ ነው። ዛሬ ሰው ማታ ማታ ወክ የሚያደርገው እዚያው ላይ ነው።

ከተማዋ ራሷ ወጣት ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ምሥረታዋ ሲነሣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከነበሩት ገዥዎች አንዱ የሆኑት የራስ መንገሻ ሥዩም ስም አብሮ ይነሣል። ቀድሞ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች። ሐዋሳ በኋላ የደቡብ ክልል፣ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዛፍም አላቸው። በእግር ለመዞር የምትመች ከተማ ናት፤ ሲደክማችሁ ባጃጅ ሞልቷል።

ቤተ መንግሥትና ግንብ ፈልጎ የሚመጣ ሰው እዚህ አያገኝም። የሐዋሳ ታሪክ ያለው ሰዉ ጋ ነው። ሲዳማ የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው፤ ሳምንቱ አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው አዲሱ ዓመት መቼ እንደሚገባ ይናገራሉ። በዓሉ ፊቼ ጨምበላላ ይባላል። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ስለ በዓሉ አጀማመር ሽማግሌዎች የሚያወሩት ደስ ይላል። አንዲት ያገባች የሲዳማ ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። ስትመጣም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ቡርሳሜ አሰናድታ ትይዛለች፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱን ጠርቶ አብሮ ይበላል። ዛሬም በፊቼ ዋዜማ ቡርሳሜ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። ቤተሰቡ ከለምለም ቅርንጫፍ በተሠራ መሹለኪያ ውስጥ ያልፋል፤ ይህ ሁሉቃ ነው። በማግስቱ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ አትስነፉ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ ብለው ይመክራሉ። ሕዝቡ ጉዱማሌ ወደሚባለው የበዓሉ አደባባይ ወጥቶ ቄጣላ የሚባለውን የባህል ጭፈራ ሲጨፍር ማየት ከየትኛውም የጀልባ ሽርሽር ይበልጣል፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ከመምጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ዓሣውንም ቢሆን ሳህን ላይ ብቻ አትዩት። በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ታንኳዎቹ ሌሊቱን መረብ ውስጥ ያደረውን ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሆዱን ከፍተው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ የእጃቸው ፍጥነት ለዓይን ያስቸግራል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው እኩል ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚወድ አለ፤ ለእኔ ግን ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይበልጥብኛል። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አይጠፋም። ጦጣዎቹ ግን እጃችሁ ላይ ያለውን ይነጥቃሉና ጠንቀቅ በሉ።

መሀል ከተማ ላይ ቅዱስ ገብርኤል አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከየአገሩ ምእመን ይጎርፋል፤ አልጋ ማግኘት ፈተና ነው። በእነዚህ ቀናት ለመዝናናት ብቻ የምትመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ያዙ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ ወጣት ሴቶችን ለሥራ ወደ ከተማዋ አምጥቷል፤ የከተማዋን የዛሬ መልክ ማወቅ የሚፈልግ ይህንንም ልብ ይበል።

ለታቦር ተራራም ጊዜ ተዉ። ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ሲበርድ ውጡ፤ ውሃና ደህና ጫማ ያዙ። ከላይ ሆኖ ሐይቁም ከተማውም አንድ ላይ ይታያል። ስትወርዱ ገበያ ግቡና የሲዳማ ቡና ግዙ። ምሳ ደግሞ ቆጮና ቡርሳሜ ከሚያቀርብ የባህል ምግብ ቤት ይሁን፤ ዓሣው ማታ ይደርሳል።